ፎርማት ተደርጎም ያልዳነው ኮምፒውተር

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ ከማራኪ አካባቢ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ስሆን፣ ቤቴ ያለው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ቢሮ ውስጥ አገልግሎ የተሸጠ፣ ኮር አይ ፋይቭ የሆነና ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ነው። እኔ የተማሪዎቼን ውጤትና የፈተና ጥያቄዎች አዘጋጅበታለሁ፤ ልጄ ደግሞ ማታ ማታ ትምህርቷን በቪዲዮ ትከታተልበታለች። ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ከሠራ በኋላ፣ ካለፈው መስከረም ወዲህ ስክሪኑ በድንገት ሰማያዊ እየሆነ፣ ያዘነ ፊት ምልክትና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያሳየ፣ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል። በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ያደርገዋል። ፒያሳ ወዳለ የጥገና ቤት ወስጄው በተደጋጋሚ ፎርማት ተደርጎልኛል፤ ከእያንዳንዱ ፎርማት በኋላ ጥቂት ቀን ደህና ይከርምና መልሶ ያው ይሆናል። አሁን ደግሞ «ማዘርቦርዱ ነው፤ ይቀየር» ተብያለሁ፤ የተጠየቅሁት ዋጋ ኮምፒውተሩን ከገዛሁበት ብዙም አይርቅም። ሰማያዊው ስክሪን ሲመጣ በስልኬ ያነሣኋቸውን ሦስት ፎቶዎች አያይዣለሁ። ምናልባት ከጠቀመ፣ በነሐሴ ወር ፍጥነት እንዲጨምር ብለን ባለ 4 ጊጋባይት ራም አስጨምረንበታል። በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ሲጋገርም ኮምፒውተሩ አንዳንድ ጊዜ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ማዘርቦርዱን ልግዛ ወይስ ይቅር?

መልስ፦ ለጊዜው አይግዙ። ማዘርቦርድ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዕቃዎች ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ፣ የሚጠረጠረው ሌላው ሁሉ ተፈትሾ ንጹሕ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነው፤ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ግን ከፎርማት በቀር የተፈተሸ ነገር ያለ አይመስልም። ከደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የጠቀሙን «ምናልባት ከጠቀመ» ብለው በስተመጨረሻ የጨመሯቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። ራሙ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ፣ የተጨመረው በነሐሴ፣ ችግሩ የጀመረው በመስከረም ነው። እንጀራ ሲጋገር ድርግም ብሎ መጥፋቱ ደግሞ ከሰማያዊው ስክሪን የተለየ፣ የራሱ ምክንያት ያለው ችግር ነው፤ ሁለቱ ተደባልቀው እንደ አንድ በሽታ መታየታቸው ጠጋኙንም እርስዎንም ሳያሳስት አልቀረም።

በቅድሚያ ሰማያዊው ስክሪን ምን እንደሆነ ግልጽ እናድርግ። የዊንዶውስ እምብርት የሆነው ክፍል፣ ባለሙያዎች ከርነል የሚሉት፣ ሥራውን ቢቀጥል መረጃ ሊያበላሽ የሚችልበት ስሕተት ሲያጋጥመው ሁሉንም ነገር ባለበት ያቆምና ያቆመበትን ምክንያት በኮድ ስም ጽፎ ያሳያል። ከጽሑፉ ሥር ከዜሮ ጀምሮ ወደ መቶ የሚቆጥረውን ቁጥር ብዙ ሰዎች ኮምፒውተሩ ራሱን እየጠገነ ነው ብለው ይረዱታል፤ በእውነቱ ግን በዚያች ቅጽበት በሜሞሪ ውስጥ የነበረውን ሁኔታ ወደ ዲስክ እየገለበጠ ነው። በኋላ አንድ ባለሙያ ከፍቶ ሊያነብበው የሚችል መዝገብ ስለሆነ፣ መቶ ሳይሞላ ቁልፉን ተጭኖ ማጥፋት ማስረጃውን እንደ መጣል ይቆጠራል።

ዊንዶውስ ይህን ጽፎ እንደጨረሰ ወዲያው ራሱን ስለሚያስነሣ፣ ኮዱን ለማንበብ ጊዜ አይገኝም። ይህን ማስቀረት ይቻላል፦ «ዚስ ፒሲ» የሚለው ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ»ን ይክፈቱ፤ ከዚያ «አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ ገብተው፣ «ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ» በሚለው ሥር ያለውን «ሴቲንግስ» ይጫኑና «ኦቶማቲካሊ ሪስታርት» ከሚለው ፊት ያለውን ምልክት ያንሡ። ከዚህ በኋላ ስክሪኑ እርስዎ እስኪያጠፉት ድረስ ሰማያዊ እንደሆነ ይጠብቅዎታል።

እርስዎ ፎቶ ማንሣትዎ ትልቅ ነገር ነው። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ የሚነበበው ኮድ «ሜሞሪ ማኔጅመንት»፣ በሁለተኛው «ፔጅ ፎልት ኢን ነንፔጅድ ኤሪያ»፣ በሦስተኛው ደግሞ «አይ አር ኪው ኤል ኖት ለስ ኦር ኢኳል» ይላል። በሦስቱም ላይ ከኮዱ ሥር የፋይል ስም አልተጻፈም። ጥፋተኛው አንድ ድራይቨር ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም ዊንዶውስን ከካርድ ወይም ከሌላ ዕቃ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም ቢሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ያው አንድ ኮድ ሲመላለስ፣ አንዳንዴም የድራይቨሩ ፋይል በስሙ ተጠቅሶ እናይ ነበር። ኮዱ በየጊዜው ሲለዋወጥና አብዛኞቹ ኮዶች ከሜሞሪ ጋር የተያያዙ ሲሆኑ ግን ጥርጣሬው ወደ ራሙ ያመዝናል፤ ምክንያቱም የተበላሸ ራም አንድ ጊዜ የአንዱን ፕሮግራም፣ ሌላ ጊዜ የሌላውን መረጃ ስለሚያዛባ፣ ስሕተቱ በየጊዜው በተለያየ በር ብቅ ይላል።

ፎርማት ለምን እንዳላዳነው ከዚህ መረዳት ይቻላል። ፎርማት የሚነካው በዲስኩ ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ራሙ እንዳለ ነው። ከፎርማት በኋላ ጥቂት ቀን ደህና የሚከርመው፣ አዲስ በተጫነ ዊንዶውስ ላይ ገና ብዙ ፕሮግራም ስለማይኖር ሜሞሪው እምብዛም ስለማይሞላና ብልሹው ክፍል ቶሎ ስለማይነካ ይመስለኛል። ልጅዎ ቪዲዮ ከፍታ፣ ከጎኑም ሌሎች ገጾች ደርድራ ስትሠራ ግን ሜሞሪው እየሞላ ይሄዳል። በነገራችን ላይ በየጥገና ቤቱ ፎርማት የመጀመሪያም የመጨረሻም መድኃኒት የሆነበትን ልማድ አልወደውም፤ ጠጋኞቹን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም፤ ደንበኛውም ዕቃውን ጠዋት ሰጥቶ ማታ ሊወስድ ስለሚፈልግ፣ ቀናት የሚወስድ ምርመራ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም የለም። ሆኖም እያንዳንዱ ፎርማት እነዚያን የብልሽት መዝገቦች አብሮ ያጠፋል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከምንም ነገር በፊት የተማሪዎቹን ውጤትና ሌሎች አስፈላጊ ፋይሎች ወደ ፍላሽ ይገልብጡ፤ መገልበጥ ብቻ ግን አይበቃም። የተበላሸ ራም ያለበት ኮምፒውተር ፋይል በሚያስቀምጥበት ጊዜ፣ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ይዘቱን ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ ፍላሹን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ዋና ዋናዎቹን ፋይሎች አንድ በአንድ ከፍተው ይመልከቱ፤ የውጤት ሠንጠረዦችንም በእጅ ከተጻፈው መዝገብ ጋር ያመሳክሩ። ከመስከረም ወዲህ የተቀመጡትን በተለይ ይጠንቀቁባቸው።

ከዚያ በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ «ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» የሚለውን ፕሮግራም ፈልገው ያስጀምሩት። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሣና ምርመራውን ይጀምራል፤ በዚህ ጊዜ «ኤፍ 1» የተባለውን ቁልፍ ተጭነው «ኤክስቴንድድ» የሚለውን ይምረጡ፤ ሳይመርጡ የሚጀምረው ምርመራ አጭር ስለሆነ ብዙ ስሕተት ያልፈዋል። ረጅሙ ምርመራ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል፣ መብራት የማይጠፋበትን ሌሊት መገመት ከባድ ቢሆንም፣ ማታ አስጀምሮ መተኛት ይሻላል። አንድም ስሕተት ቢያገኝ ራሙ አይታመንም፤ «ጥቂት ስሕተት» የሚባል ነገር የለም። ምንም ስሕተት ባያገኝ ግን ራሙ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። እንዲህ ያለው ምርመራ የሚያመልጠው ብልሽት ስላለ፣ ቀጥሎ ያለውን የእጅ ሙከራ አይተዉት።

ኮምፒውተሩን ያጥፉና ገመዱን ከሶኬቱ ይንቀሉ፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፣ በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ነው። የጎኑን ክዳን ከፍተው፣ በሰውነትዎ ላይ ያለው የማይታይ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳው የሳጥኑን ብረት ይንኩ። ራሞቹ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ጎን ለጎን የቆሙ ረጃጅም ስስ ሰሌዳዎች ናቸው። ጫፍና ጫፋቸው ላይ ያሉትን መያዣዎች ወደ ውጭ ሲገፉ ራሙ ብድግ ይላል። ሁለቱንም አውጥተው በላያቸው የተለጠፈውን ወረቀት ያነጻጽሩ። በኮምፒውተሩ ዕድሜ ስገምት ዲዲአር 3 የሚባለው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም፤ ከሆነ በአንደኛው ላይ 10600፣ በሌላው ላይ 12800 የሚል ቁጥር ሊያገኙ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው በ1333፣ ሁለተኛው በ1600 ፍጥነት የሚሠራ ነው። ከቁጥሩ በፊት «ፒሲ 3» ከሚለው ቀጥሎ «ኤል» የሚል ፊደል ያለበት በ1.35 ቮልት፣ የሌለበት ደግሞ በ1.5 ቮልት እንዲሠራ የታሰበ ነው። የተለያዩ ራሞች አብረው ሊሠሩ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜም ይሠራሉ፤ ግን ሳይስማሙ ቀርተው እንዲህ ያለውን ችግር የሚያመጡበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ወርቃማ ቀለም ያለውን የራሙን እግር አይተው ከጠቆረ ወይም አቧራ ከያዘ፣ በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ ብለው ጠርገው ፍርፋሪውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ። ከዚያ የቀድሞውን ራም ብቻ መልሰው፣ መሐሉ ላይ ያለው ክፍተት ከመሰኪያው ጥርስ ጋር መግጠሙን አይተው፣ ሁለቱም መያዣዎች ቀጭ ብለው እስኪዘጉ ይጫኑት። ፍጥነቱ መቀነሱ አይቀርም፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ይታገሡት። በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይወድቅ የነበረ ኮምፒውተር ሁለት ሳምንት ሙሉ እየተሠራበት ሰማያዊ ካልሆነ፣ ችግሩ በአዲሱ ራም ወይም ከነባሩ ጋር አለመስማማቱ ላይ ነው። ያን ጊዜ አዲሱን ብቻውን፣ በዚያው መሰኪያ ላይ ሰክተው ይሞክሩት። ብቻውን ሆኖም ከወደቀ የሸጠልዎት ሰው ሊቀይርልዎት ይገባል፤ ሲሄዱ ፎቶዎቹንና የነባሩን ራም ወረቀት ይዘው ይሂዱ፣ የሚተካውም በቁጥሩ ተመሳሳይ እንዲሆን ይጠይቁ። ሁለቱም ራሞች በአንደኛው መሰኪያ ላይ ሰላም ሆነው፣ በሌላኛው ላይ ሲሰኩ ብቻ የሚወድቁ ከሆነ፣ ጠጋኙ ያሉት ማዘርቦርድ እውነትም ጥፋት አለበት ማለት ነው። ያኔም ቢሆን በደህናው መሰኪያ ላይ አንድ ትልቅ ራም ሰክቶ መሥራት ማዘርቦርድ ከመቀየር ይረክሳል።

በእነዚህ ቀናት ሌላ ነገር አይቀይሩ። ራሙን ሲያወጡ አብረው አንቲቫይረስ ካጠፉ፣ ዊንዶውስንም ካደሱ፣ ኮምፒውተሩ ቢድን እንኳ የዳነው በየትኛው እንደሆነ ማንም ሊነግርዎት አይችልም።

ወደ ምጣዱ ልመለስ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይፈጃል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 15 አምፔር የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ነው። ምጣዱና ኮምፒውተሩ በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአንድ ዲቫይደር ላይ ከተሰኩ፣ ምጣዱ ሲበራ ቮልቴጁ ዝቅ ይልና ያረጀ ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚያከፋፍለው ክፍል፣ ያን መሸከም ያቅተዋል። በዚህ ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን አይመጣም፤ ዊንዶውስ ኮድ ለመጻፍ ጊዜ ሳያገኝ ይጠፋል። ልዩነቱን «ኢቨንት ቪውወር» በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ማየት ይቻላል፦ «ከርነል ፓወር» በሚል ስም፣ በቁጥር 41 የተመዘገበውን ከፍተው በዝርዝሩ ውስጥ «ባግ ቼክ ኮድ» የሚለው ዜሮ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ የጠፋው ኤሌክትሪክ ተቋርጦበት ወይም ፈጽሞ ደርቆ ነው፤ ከዜሮ ሌላ ቁጥር ካለ ሰማያዊ ስክሪን ነበር ማለት ነው። በዚህ መዝገብ ለመጠቀም የኮምፒውተሩ ሰዓት ትክክል መሆን አለበት። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ ቁጥሯ 2032 ሲሆን በቀላሉ ትቀየራለች።

መፍትሔው ለምጣዱ የራሱን መስመርና ብሬከር ማስዘርጋት ነው፤ ይህ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። እስከዚያው እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ኮምፒውተሩን አለመክፈት ይበቃል። ስታብላይዘር ቮልቴጅ ሲዋዥቅ ያስተካክላል እንጂ ባትሪ ስለሌለው መብራት ሲጠፋ አያድንም፤ ፋይል አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት የሚያስፈልገውን ደቂቃ የሚሰጠው ዩፒኤስ ነው። ዩፒኤስ ከገዙ የሌዘር ፕሪንተር አይሰኩበት፤ ፕሪንተሩ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ለትንሽ ዩፒኤስ ከአቅም በላይ ነው። መብራት እንደመጣ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚነሣ ከሆነም፣ ያ ሰዓት ቮልቴጁ ገና ያልተረጋጋበት ስለሆነ፣ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት በሚሠራው ማስተካከያ ውስጥ፣ ገብተው ኤሌክትሪክ ሲመለስ ጠፍቶ እንዲቆይ ያድርጉት። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ በአሮጌ ፓወር ሰፕላይ ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ ካለ ፈጽሞ አይንኩት። በእኛ አገር 220 ቮልት ላይ ወደ 115 የዞረ ፓወር ሰፕላይ በቅጽበት ይቃጠላል።

ክዳኑን ከከፈቱ አይቀር አቧራውንም ያጽዱ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት ሲዞር የሚያስወጣው ሙቀት እዚህ ያንሳል። በበጋ አቧራ የታፈነ ማራገቢያ ላይ ይህ ሲደመር ፕሮሰሰሩ ይግላል። የጋለ ኮምፒውተር ግን በመጀመሪያ ይንቀራፈፋል፣ ከባሰም ይጠፋል፤ የእርስዎ ፎቶዎች ወደዚያ አያመለክቱም። «ደብሊው ኤች ኢ ኤ አንኮሬክተብል ኤረር» የሚል ኮድ አንድ ቀን ካዩ ያን ጊዜ ሙቀቱንና ፓወር ሰፕላዩን ያስቡ። «ከርነል ዳታ ኢንፔጅ ኤረር» ከመጣ ደግሞ የዲስኩን ገመድ ነቅለው መልሰው ይሰኩ፤ የ«ሲ» ድራይቭን «ፕሮፐርቲስ» ከፍተው «ቱልስ» በሚለው ሥር «ቼክ»ን በመጫን ዲስኩን ያስመርምሩ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ይህ ለኮምፒውተርዎ መውደቅ ምክንያት አይደለም፤ «ዊንዶውሱ ስላረጀ ነው» የሚልዎት ቢኖር አይቀበሉት። የደኅንነት ጉዳይ ግን ራሱን የቻለ ነገር ስለሆነ፣ ራሙ ከተስተካከለ በኋላ ሊያስቡበት ይገባል።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ነው የምጽፈው። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 ነው። በቅርቡ ሥራ ላይ እያለሁ ስክሪኑ ጥቁር ሆነና አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አሳይቶ ተነሣ። ሰማያዊ ስላልሆነ ሌላ ዓይነት ብልሽት ነው ወይስ ያው ነው?

መልስ፦ ያው ነው። ማይክሮሶፍት በፈረንጆች 2025 ዓ.ም. በዊንዶውስ 11 ላይ ሰማያዊውን ወደ ጥቁር ቀይሮታል፤ ያዘነው ፊትና በስልክ የሚነበበው ባለ አራት ማዕዘን ኮድም ቀርተዋል። የስሕተቱ ስም አሁን በስክሪኑ ግርጌ በትንሽ ጽሑፍ ስለሚወጣ፣ ፎቶ ሲያነሡ ታችኛውን ክፍል እንዳይቆርጡት። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ አይጨነቁ፤ ከተደጋገመ ለመምህሩ የተሰጠውን መልስ ይከተሉ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ድራይቨሮችን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያድሳል የተባለ ነፃ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርጄ ካስኬድኩት በኋላ ላፕቶፔ የዊንዶውስን አርማ ያሳይና ሰማያዊ ሆኖ ይነሣል፤ ይህንኑ ይደጋግማል፤ ከዚያ አያልፍም። የመመረቂያ ጽሑፌ በውስጡ ነው።

መልስ፦ ጽሑፍህ አልጠፋም፤ ማንም ፎርማት እንዲያደርገው ግን አትፍቀድ። ድራይቨር የሚሠራው በከርነሉ ውስጥ ስለሆነ፣ የማይገጥም አንድ ፋይል ብቻውን መላውን ማሽን ሊጥል ይችላል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በአንድ የደኅንነት ፕሮግራም እድሳት ላይ የነበረ ስሕተት በዓለም ዙሪያ ወደ 8.5 ሚሊዮን የሚጠጉ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን የጣለው በዚሁ ምክንያት ነበር።

አርማው ሲታይ የማብሪያ ቁልፉን ተጭነህ በመያዝ አጥፋው፤ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ስትደጋግም ዊንዶውስ ራሱ የማገገሚያውን ገጽ ይከፍትልሃል። ከዚያ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ» እያልክ ገብተህ «ሪስታርት»ን ተጫን፤ በሚመጣው ዝርዝር ላይ ቁጥር 4ን ስትጫን ኮምፒውተሩ በሴፍ ሞድ፣ ማለትም በጣም አስፈላጊ በሆኑት ድራይቨሮች ብቻ፣ ይነሣል። በመሐሉ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ከጠየቀህ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ነው፤ ቁልፉን በስልክህ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንትህ ገብተህ ፈልገው። ሴፍ ሞድ ውስጥ እንደገባህ በመጀመሪያ ጽሑፍህን ወደ ፍላሽ ገልብጥ። ቀጥለህ ያወረድኸውን ፕሮግራም አጥፋ፤ «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥም የተቀየሩትን፣ በተለይ የስክሪኑንና የዋይፋዩን፣ እየከፈትህ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለውን ተጫን። ይህ ካልተቻለ በማገገሚያው ገጽ ላይ ያለው «ሲስተም ሪስቶር» ፕሮግራሙ ከመጫኑ በፊት ወደነበረው ቀን ሊመልሰው ይችላል። ከእንግዲህ ድራይቨር ሲያስፈልግህ በላፕቶፑ ሆድ ላይ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ይዘህ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርድ።